ለሶፍትዌር የተላኩ ሽማግሌዎች

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ቤታችሁ ውስጥ ደህና የሚሠራ፣ አንድም ቀን አስቸግሯችሁ የማያውቅ ዕቃ አለ እንበል። አንድ ጠዋት ከማታውቁት አገር የማታውቁት ሰው ይነሣና «ያ ዕቃ ከዚህ በኋላ እንደሌለ ይቆጠር» ብሎ ያውጃል። ዕቃው ያው ነው፤ ትናንት እንደሠራ ዛሬም ይሠራል። ግን ሞተ ተብሏል። እናንተም ገና እየተነፈሰ ቅበሩት ትባላላችሁ። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የደረሰውም በደህና ጊዜ አይደለም፤ በክረምት መግቢያ፣ ማዳበሪያ በሚታደልበት ሰሞን ነው።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ «የመረጃ ሥርዓት ባለሙያ» ይላል። በተግባር ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ የማስተፋ፣ የሥራ አስኪያጇን የልጅ ልጆች ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የማዛውር፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ የሚያየኝ ሰው ነኝ። መብራቱን የማጠፋው እኔ እመስላቸዋለሁ መሰለኝ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት የምታስረዳው «ኮምፒውተር ያክማል» እያለች ነው። እውነቷን ነው። ልዩነቱ፣ ሐኪም በሽተኛው ሲሞትበት «የቻለውን አድርጓል» ይባላል፤ እኔ ግን እሰደባለሁ።

ማኅበሩ ማዳበሪያ የሚያድልበት ፕሮግራም አለው። ከየቀበሌው የተወከለ ሰው ይመጣል፤ ፕሮግራሙ የቀበሌውን ገበሬዎች መዝገብ አይቶ ድርሻቸውን የያዘ ካርኒ ያወጣል፤ ተወካዩ ካርኒውን ይዞ መጋዘን ይሄዳል። ካርኒ ከሌለ መጋዘን ጠባቂው ለገዛ ወንድሙም አንዲት ከረጢት አይሰጥም። ሞክረውታል፤ ወንድሙ ነው የነገረኝ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝና የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ላሳያችሁ። ፕሮግራም ማለት ወፍጮ ቤት በሉት። ወፍጮው የሚዞረው ከሥሩ በተተከለ ሞተር ነው። የእኛም ፕሮግራም ከሥሩ ሞተር አለው፤ ሞተሩን እኛ አልሠራነውም፤ በዓለም ላይ ያሉ ሰዎች ሠርተው የሰጡን ነው። እነዚህ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ሞተር ያወጣሉ፤ የድሮውን ደግሞ «ድጋፉ አልቋል» ይሉታል። ትርጉሙ፣ ቢሰበር አንጠግንም፣ ሌባ ቢገባበት አንደርስላችሁም ነው። ፕሮግራማችንን የሚያስቀምጥልን ማዕከል ይህን ሰማና «ሰኔ ሲገባ አሮጌ ሞተር የያዘውን ሁሉ ከመስመር እንቆርጣለን» አለን።

«አዲሱን ሞተር ግጠምና ተገላገላ!» ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር። የሰው ሞኝነት የሚታወቀው «ቀላል ነው» ሲል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ አዲሱን ሞተር በመሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩና አስነሣሁት። ፕሮግራሙ ሙሉ ገጽ ቀይ ጽሑፍ ተፋብኝ። ከላይ እስከ ታች ሳነበው ጣቱን ሁሉ የቀሰረው ወደ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ቀን ወደምትቀይረው። እሷ የተሠራችው ለአሮጌው ሞተር ነው። አዲሱ አያውቃትም፤ ሊያውቃትም አይፈልግም።

«እንግዲያስ አንቺው ቅሪ» ብዬ አወጣኋት። ፕሮግራሙ ወዲያው ተነሣ። እኔም ተነሥቼ ላጨበጭብ ስል መዝገቡን አየሁት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ቆጥሮት አርፏል። በጳጉሜን የተወለዱ ገበሬዎች በሙሉ ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል። የቀሩት ባንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅተዋል፤ እኔም አብሬያቸው። ሌላ ቀን ቀያሪ ፈለግሁ፤ አንዱ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፣ ሌላው ሰምቷል ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመት ሲመጣ ይደናገረዋል። ተመልሼ አሮጌዋን እሺ በይኝ ማለት ያዝኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

በዚህ መሀል አጎቴ በየማለዳው ይደውላሉ። አያ ስማቸው ይባላሉ፤ ጉንደ ወይን አጠገብ የሚያርሱ፣ የቀበሌያቸው የማዳበሪያ ተወካይ ናቸው። እሳቸው ሲደውሉ ካርዱን የሚጨርሰው ሰላምታው ነው። እኔ እንዴት አደርኩ፣ ሚስቴ እንዴት አደረች፣ አከራዬ እንዴት ናቸው፣ ያቺ ታማ የነበረችው የአከራዬ ላም ተሻላት ወይ፤ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ጉዳይ የሚመጡት።

«ሰማዩ ጠቁሯል። መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ተቀምጧል። ማዳበሪያው መቼ ነው?»

«ሞተሩ ነው ያስቸገረን አያ።»

«ነዳጅ ጠፍቶ ነው?»

«አይደለም፣ የፕሮግራሙ ሞተር…»

«እንግዲህ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ የማውቀው ዝናቡን ነው። ማዳበሪያው ሳይመጣ ዝናቡ ከገፋ፣ እንኳን ለገበያ ለዘርም የሚተርፍ አናገኝም። ቀበሌው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው፤ እኔ ደግሞ አንተን።»

ስልኩን ስዘጋ ወገቤን ያመኛል። አንድ ቀበሌ በሙሉ በስልክ ትከሻዬ ላይ ይወጣና ቁጭ ይላል።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ገባሁ። ጡረታ የደረሱ፣ ደግ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ ማውሱን እንደ ትኩስ ድንች በጣታቸው ጫፍ የሚነኩ ሴት ናቸው። ነገሩን እንደ ምንም አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺን ቁራጭ የሠራት ማን ነው?» አሉኝ።

«ይበልጣል ነው።»

ይበልጣል የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ያን ፕሮግራም ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠራው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ሲመረቅ ትልቅ ድግስ ተደገሰ፤ በሬ ታረደ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ካባ ተሰጠ። ለመጡት እንግዶች ካባ፣ ለእንግዶቹ ምክትሎች ካባ፣ እንግዶቹን ላመጣው ሹፌር እንኳ ካባ ተደረበለት። ይበልጣል ያን ዕለት የማይክራፎኑን ገመድ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ገመዱ ካልተያዘ ድምፁ ስለሚቆራረጥ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገባ። አሁን ጉንደ ወይን ላይ ስልክ ይጠግናል፤ ከማኅበሩ ቁጥር የተደወለ ስልክ ግን አያነሣም።

«ረስቼው እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «ካባውም አልቆ ነበር።»

«ይገባኛል።»

«በቃ፣ ሽማግሌ ይላክበት።»

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። በሥራዬ ብዙ ዓይነት መፍትሔ አንብቤያለሁ፤ አጥፍተህ አብራ የሚል አለ፣ ነቅለህ ትከል የሚል አለ። ሽማግሌ ላክ የሚል ግን የትም ገጽ ላይ አላየሁም። ወይዘሮ አስናቀች ግን ለአጎቴ ደውለው ጨርሰው ነበር። አያ ስማቸው ደም ያደረቁ፣ ወሰን የተገፋፉ ወንድማማቾችን ያስታረቁ ሰው ናቸው። «የቀበሌዬ ማዳበሪያ በዚህ ተይዞ ከሆነማ ዛሬውኑ!» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ ሆኑ፤ የጉንደ ወይን ጨርቅ ነጋዴ፣ ይበልጣል የተከራያት ሱቅ ባለቤት። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ በዳዩን መሥሪያ ቤት ወክዬ።

በማግስቱ በሚኒባስ ጉንደ ወይን ወረድኩ። ካፊያ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ይበልጣል ሱቁ ውስጥ ተጎንብሶ የስልክ ሆድ ይቆሰቁሳል። ሦስታችን በሩ ላይ ተደርድረን ቆምን። ቀና ብሎ ሲያየን ነገሩ ገባው፤ ሽማግሌ ከበር ቆሞ አይቶ የማይገባው ሰው የለም።

«ግቡ እንጂ።»

«አንገባም» አሉ አያ ስማቸው።

«ዝናብ ይመታችኋል፤ ግቡና ተቀመጡ።»

«ይምታን። ያመጣነውን ነገር እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ወጉ ይህ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል። የሐጂ ኑሩ ጉልበት ግን ይህን ወግ ብዙም አይወደውም፤ በሩን ተደግፈው «በል ቶሎ እሺ በል ልጄ» አሉ ገና ምንም ሳንጠይቀው።

አያ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሰው እንደሚበድል፣ ሰው እንደሚክስ፣ ቂም የያዘ ሰው ጸሎቱ እንደማያርግ ተናገሩ። ይበልጣል መፍቻውን አስቀምጦ በጥሞና ሰማ።

«አያ ስማቸው፣ እርስዎን አከብራለሁ። ሐጂንም እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ለሹፌሩ እንኳ ካባ ተሰጥቷል። እኔ የገመድ ተሸካሚ ሆኜ ነው የቆምኩት። እናቴ ከዲማ ድረስ በእግሯ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ልጄ ሊሸለም ነው ብላ።»

«ወላሂ ይሄስ ከባድ በደል ነው!» አሉ ሐጂ ኑሩ።

አያ ስማቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው። «ሐጂ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?»

«ከእናንተ ጋር። ግን እውነቱን ነው።»

እኔም እውነቱን መሆኑን አውቅ ነበርና መሬት መሬት አየሁ። ስለ እናቱ አልሰማሁም ነበር።

አያ ስማቸው ጥቂት አሰቡና «በዳይ ድንጋይ ይሸከም» አሉ። «ወይዘሮዋ የሉም፤ ተወካያቸው አለ።» ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ድንጋይ ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ ጭቃ የላሰ ነው። «ሱቄን ታበላሽብኛለህ» አለ ይበልጣል፤ የተበደለ ሰው ቢሆንም የሱቁ ነገር አይሆንለትም። ሐጂ ኑሩ ጥግ ላይ የተጣለ አንድ የሞተ ዩፒኤስ አዩ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው፣ ባትሪ የታጨቀበት ሣጥን ነው። «ይሄስ ከድንጋይ በምን ያንሳል?» አሉ። አላነሰም። እንዲያውም ድንጋይ ማዕዘን የለውም። ማጅራቴ ላይ ጫኑብኝና ይበልጣል እግር ሥር ተንበረከክሁ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሰዎች በዚያን ሰዓት ቢያዩኝ ዲግሪዬን መልስ ይሉኝ ነበር።

ይበልጣል ሣጥኑን አንሥቶ፣ እኔንም አንሥቶ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የእኔም፤ የእኔው ግን ከማጅራቴ ነው። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ።

«በሉ አሁን ቀላል ነው» አለ ይበልጣል ኮምፒውተሩን እየከፈተ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ ፊቱ ተለወጠ። «የእኔዋን አስተካክላት ነበር። ግን እሷም በሌላ ላይ የቆመች ናት፤ ቀን በምትቆጥር በአንዲት ሌላ ቁራጭ ላይ። ያቺም ለአዲሱ ሞተር አልተሠራችም።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ሐጂ ኑሩ። «የዚያችስ ባለቤት ማን ነው?»

«አይታወቅም። ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። በነፃ ሠርቶ ለዓለም የሰጠ። ስሙን እንኳ አልጻፈም፤ ቅጽል ስም ነው ያለው። ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።»

«አንተ ራስህ ፈልቅቀህ አትሠራትም?» አልኩት።

«አሠራሯን እስክረዳ ክረምቱ ያልቃል። እሱ ቢሆን የትኛው ክር እንደሚሳብ ያውቃል።»

ይህስ ይቅር አልኩ በልቤ፤ የት አገር እንዳለ ለማይታወቅ ሰው ሽማግሌ አይላክ። አያ ስማቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡ። ይበልጣል የሰውየውን ገጽ ከፍቶ ነበር፤ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች መልእክት የሚተዉበትን። «ምን ይላል? አንብብልን» አሉ።

ይበልጣል እየተረጎመ አነበበ። «ከአዲሱ ሞተር ጋር አይሠራም።» ሌላው፣ «እኔም ጋ አይሠራም። መቼ ነው የምታስተካክለው?» ሌላው፣ «ምን እየጠበቅህ ነው?» ሌላው፣ «ይህ ነገር ሞቷል?»

አያ ስማቸው እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ሰላምታውን እየዘለልክ አታንብብብን። ሙሉውን አንብብ።»

«ሙሉው ይኸው ነው አያ።»

«አንዳቸውም እንዴት ነህ አላሉትም?»

ይበልጣል ገጹን ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። «የለም።»

«እንዴት ከረምክ?»

«የለም።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሐጂ ኑሩ።

«እንዲህ እየጮኹበት ነው መልስ የሚጠብቁት? እኔም ብሆን በሬን አልከፍት» አሉ አያ ስማቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «በል አንተ ጻፍ፤ እንግሊዝኛውን ታውቃለህ።» ይበልጣል የመግቢያ ቃሉን ረስቶት ስለነበር መጻፊያው የተከፈተው በእኔ ስም ነው። እሳቸውም እጃቸውን አጣምረው ያጽፉኝ ጀመር። እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ቤት ቀየው ደህና ነው? እናት አባት አሉ? ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡስ ገባላችሁ?

«አያ፣ እዚህ ላይ እንዲህ አይጻፍም» አልኩ። «የሥራ ቦታ ነው።»

«ሥራ ቦታ ላይ ሰው የለም?»

«ዓለም ሁሉ ነው የሚያየው!»

«ይየው፤ ይማርበት።»

«እሺ፣ ጉዳያችንንስ?»

«በመጀመሪያ ቀን ጉዳይ የሚነገረው ለባለ ዕዳ ነው።»

ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸውና ይህ አልተዋጠላቸውም። «ገበያ ገብቶ ዋጋ ሳይጠይቁ መመለስ አለ እንዴ? አንዲት መስመር ጨምር» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ በመጨረሻው ላይ «አንድ ጉዳይ አለን፤ ሲመችህ እንነግርሃለን» የምትል ተጨመረች። ከብቱን ላውጣው ብዬ ለመንኩ፤ አልተፈቀደልኝም። ላክሁት። ከዚያ ሁሉ የዓለም ባለሙያ ጩኸት ሥር፣ በእኔ ስም፣ ስለ ከብት የሚጠይቅ መልእክት ተቀመጠ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያነበቡት እየመሰለኝ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ።

ሰኔ ገባ። ማዕከሉ እንደ ዛተው ቆረጠን። ስደውል «ሲስተሙ ራሱ ነው የሚቆርጠው» አሉኝ፤ ሲስተሙን ያዘዘው ሰው የሌለ ይመስል። ግቢያችን ከየቀበሌው በመጡ ተወካዮች ሞላ። ዣንጥላ ያለው በዣንጥላ፣ የሌለው በላስቲክ ተከልሎ ቆሟል። ወይዘሮ አስናቀች በእጃቸው እየጻፉ ሊያድሉ ሞከሩ፤ መጋዘን ጠባቂው የእጅ ጽሑፉን ገልብጦ አይቶ «ይሄ ካርኒ አይደለም» ብሎ መለሰ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በዓለም ላይ ያለ አንድ ሰው ቀን መቁጠሪያውን ስላላደሰ ነው እንዳልል፣ እውነቱ ከውሸት ይብሳል። አያ ስማቸው አጎቱ ነኝ ብለው ተራ አልቀደሙም፤ ዝናቡ ከጋቢያቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ከሰልፉ መሀል ቆመዋል። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮዬ ገብቼ፣ ምንም ተስፋ ሳይኖረኝ፣ እጄ ሥራ ስለፈታ ብቻ ገጹን ከፈትኩት። መልስ አለ።

«እንደምን ከረምክ ላላችሁኝ» ይላል። «ደህና አልከረምኩም። እናቴ ታማብኛለች። እሷን ሳስታምም ይህን ገጽ መክፈት ትቼ ነበር። አባቴ የለም። ከብት የለኝም፤ አንዲት ድመት አለችኝ፣ ደህና ናት። ዝናብ እዚህ አገር አይጠፋም። ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

በዝናብ እየሮጥኩ ወጥቼ ለአያ ስማቸው ሰልፉ ላይ አነበብኩላቸው። እንደገና አንብብ አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። «እናቱን ይማርለት» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አጠገባቸው ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ «አሜን» አሉ። ማዳበሪያውን ለአፍታ የረሱት ይመስለኛል።

ጉዳያችንን፣ የይበልጣልንም ነገር ጨምሬ፣ ጻፍኩለት። መልሱ አልዘገየም። የቱ ጋ ምን እንደሚለወጥ በጥቂት መስመር አስረዳና፣ «እኔ አሁን ለመሥራት ልብ የለኝም። ቁራጯን የምትለውጡበትን ቁልፍ ለሁለታችሁ ሰጥቻችኋለሁ፤ ራሳችሁ አስተካክሉት» አለ። ይበልጣል ጉንደ ወይን ሆኖ መጀመሪያ የሰውየውን አስተካከለ፤ ቀጥሎ የራሱን። እኔ አዲሱን ሞተር ገጠምኩ። ማዕከሉን «ማመልከቻ በማኅተም» እስኪሉኝ ለምኜ፣ ማኅተሙንም አድርሼ፣ መስመሩን አስከፈትኩ። በጳጉሜን የተወለዱት ገበሬዎች ከሙታን ተነሡ። ካርኒው መውጣት ጀመረ፤ ፕሪንተሩም ወረቀት ዋጠ፤ እኔም አስተፋሁት።

ይበልጣል በማግስቱ ሲመጣ ወይዘሮ አስናቀች በግቢው ሰው ሁሉ ፊት ካባ ደረቡለት። ከሠርግ ዕቃ አከራይ የተከራዩት ስለሆነ ማታ መመለስ ነበረበት። እሱ ግን ፎቶ ተነሥቶ ለእናቱ ይዞላት ሄደ፤ ፎቶ ላይ ኪራይ አይታይም።

የአያ ስማቸው ቀበሌ ማዳበሪያ አይሱዙ ላይ ተጫነ። እሳቸው ጋቢና ሊገቡ እግራቸውን እንዳነሡ ዞር አሉና «የዚያ ልጅ እናት እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?»

«ቀን የሚቆጥረው።»

«አልጠየቅሁም አያ። ሥራ በዝቶብኝ…»

«ጉዳይህ ሲያልቅ ሰላምታህም አለቀ?» አሉኝና ገቡ። መኪናው ጭስ ለቆብኝ ሄደ።

አፈርኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ በዩፒኤሱ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። ማንም የሚያዝዘኝ ሳይኖር ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። እናትህ እንዴት አደሩ አልኩት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አያ ስማቸው ዘርተው መጨረሳቸውን ሲነግሩኝ ያንንም ጨመርኩለት። የአንተን ቁራጭ ባናገኝ ኖሮ አጎቴ ዘንድሮ ጤፍ አይዘሩም ነበር፤ ዘርተዋል፤ በቅሏልም አልኩት።

መለሰልኝ። «እናቴ ዛሬ ተነሥታ ተቀመጠች። ሾርባም ቀመሰች። እኔ የሠራሁት ነገር መሬት ላይ የሚበቅል ነገር እንደሚያደርስ አስቤ አላውቅም ነበር፤ መልእክትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ለመሆኑ ጤፍ ምንድን ነው?»

ወዲያው ለአያ ስማቸው ደወልኩ። ስለ እናቱ ስነግራቸው «ተመስገን! ተመስገን!» አሉ። ስለ ጤፉ ስነግራቸው ግን በደንብ መስማታቸውን ተጠራጠሩ።

«ጤፍ ምንድን ነው አለህ?»

«አዎ አያ።»

«ቀምሶትም አያውቅ?»

«አይመስለኝም።»

«አይ ልጄን!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ታዲያ እናትየዋ ባይታመሙ ነበር የሚገርመው። በለው፣ አጨዳ ይድረስ እንጂ ከዚሁ ከዘንድሮው አንድ ቁና እልክላቸዋለሁ። አንተ ብቻ የት አገር እንደሆኑ ጠይቅልኝ።»

ቁና ጤፍ እንዴት ባሕር እንደሚሻገር፣ ምን ማኅተም እንደሚጠየቅ፣ ስንት ቢሮ እንደምመላለስበት ሳስበው ገና ከአሁኑ ደከመኝ። ቢሆንም ኮምፒውተሩን ሳብኩና እናትህ እንዴት አደሩ ብዬ ጀመርኩ።